የአስካለ ምላስ በመያዣ

ገበያው ከቀዘቀዘ ወዲህ ሴት ነጋዴዎችን እንደግፋለን የሚሉት ሰዎች ቤት በመያዣነት አይቀበሉም፤ የሚይዙት ሙያን ነው። ባለቤቴ አስካለ ለበርበሬ ወፍጮ ብላ የምላሷን ጣዕም አስያዘች። አሁን ማርም ሬትም ለሷ አንድ ነው። ፎቶዋን ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለው "ደገፍናት" ይላሉ፤ እዚህ ቤት ግን ወጥ በሠራች ቁጥር ጭልፋውን ወደኔ ዘርግታ "ጨው በቃው?" ትለኛለች። በበርበሬ ሙያ ኮምቦልቻ ላይ የሚስተካከላት አልነበረም።

ትናንት ሠራተኛቸው ብሌን መጣች። ጋራዥ ልክፈት ብዬ ስሄድ "ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠ ወንድ ቦታ የለንም" ብላ ከበር የመለሰችኝ እሷ ናት። ሰላም ሳትለኝ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ የታሸገ በርበሬና የውል ወረቀት አወጣች።

"እትዬ አስካለ፣ በእርስዎ ጣዕም የተሠራ ነው፤ በየሱቁ ገብቷል። የመያዣው ጊዜ አልቋል፤ አንድ ዓመት ያራዝሙልንና ሁለተኛ ወፍጮ እንስጥዎት።"

"ገበያ ላይ ከገዛ ራሷ ጋር ልትወዳደር ነው?" አልኩ።

"ጋሼ፣ ውሉ ከሳቸው ጋር ነው።"

አስካለ በጣቷ ነክታ ላሰችው፤ ምንም አልመጣላትም። እሽጉን ወደኔ ገፋችው።

"ቅመሰውማ። እኔን ከመሰለ ልፈርም፤ ቢያንስ እጄ አልጠፋም ማለት ነው።"

ቀመስኩት። ኮረሪማው ሳይቀር የሷ ነበር፤ ሙሽሮች ሳለን የሠራችልኝ ወጥ አፌ ላይ መጣ። ተናድጄ እሽጉን ወደ ብሌን ገፋሁት።

"አፈር ነው" አልኩ። "አንቺን የሚመስል ነገር የለውም።"

አስካለ ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን ሳትፈርም ለልጅቷ መለሰችላት።

"በይ ምላሴን አምጪ" አለቻት።