ስክሪኑ ላይ ቀይ የሆነው ቤት

የመጀመሪያው ቡጢ መንጋጋው ላይ ያርፋል። ታናሹ ከነወንበሩ ይገለበጣል። ኪቦርዱ በገመዱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የደሙ ጣዕም ይቀድማል፤ ሕመሙ ኋላ ነው የሚደርሰው።

«ተነስ!» ይላል ታላቅ ወንድሙ። በያጅ ነው፤ ቱታውን እንኳ አላወለቀም። «ተነስና ማሞቂያውን ክፈትላት! እማዬ ከነካፖርቷ ተኝታ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጎረቤት ባይደውልልኝ ሬሳ ነበር የምናነሳው!»

«ወንድም ጋሼ፣ እሷ ቤት እኮ ሃያ አንድ ዲግሪ ነው። ኮምፒውተሩ...»

ሁለተኛው ምት ጥፊ ነው። ጆሮው ይጮኻል።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ትላለች ማዶ የተቀመጠችው የታናሹ የሥራ ባልደረባ።

«እህቴ፣ የቤተሰብ ጨዋታ ነው» ይላታል በያጁ ሳይዞር። «አንቺ ሻይሽን ጠጪ።»

ኮሌታውን ጨምድዶ ያነሳውና ፊቱን ከስክሪኑ ጋር ያጣብቀዋል። «አሳየኛ! ሃያ አንዷን አሳየኝ!»

እናታቸው የምትኖርበት ሕንፃ ስክሪኑ ላይ ልጣጩን እንደተገፈፈ ፍሬ ተከፍቶ ይታያል። ግድግዳው ስንት ሙቀት እንደሚያሳልፍ፣ በየመስኮቱ ስንት እንደሚሾልክ፣ ሁሉም ተሰልቷል። ነዳጅ እንዳይባክን ለየቤቱ ሙቀት የሚመድበው ይኸው ስሌት ነው፤ የሠራው ታናሹ ነው። የእናታቸው ቤት ቀልቷል። ማሞቂያው ጥግ ላይ «ዝግ» ይላል።

«እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

«በቤቱ የተመዘገቡ ሰዎች ናቸው። የሰው ገላ ቤት ያሞቃል። ሰው ሲበዛ ማሞቂያው ይቀንሳል።»

የበያጁ ጣት ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ይቆጥራል። «አምስት? የማን ቤት ነው ይኼ?»

«የእኛ።»

«የእኛ?» ማጅራቱን ይዞ ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር ያላጋዋል። «አባዬ ከመቃብር እየተነሳ ነው የሚያሞቃት?» ደግሞ ያላጋዋል። «እህትህ ባል አግብታ አልወጣችም?» ደግሞ። «እኔስ እዚያ ነው የማድረው? አንተስ? ደጃፏን ከረገጥክ ስንት ጊዜህ ነው?»

 ከታናሹ ቅንድብ የሚወርደው ደም ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

«አጥፋን» ይላል ታላቁ። ድምፁ ተሰብሯል። «አጥፋን እንጂ!»

ማውሱ ከታናሹ እጅ ይንሸራተታል። አባቱን ይነካል፤ ይጠፋል። እህቱን። ወንድሙን ሲያጠፋ ማጅራቱን የያዘው እጅ ይጠብቅበታል። የራሱ ነጥብ ላይ ሲደርስ ጣቱ ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ እሱንም ይጫናል።

ቀዩ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ሰማያዊ። «ዝግ» የሚለው ጽሑፍ ተቀይሮ «ክፍት» ይላል። ሙቀቱ ገና ከቧንቧው አፍ ላይ እንደ ቀይ ክር ብቅ ማለቱ ነው። ከመኝታ ቤቱ ጥግ አንዲት ነጥብ ዙሪያዋን ጥቂት ቢጫ አድርጋ ቁጭ ብላለች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ በሩ ድረስ ሰማያዊ ነው።