የኮምፒውተር ጡብ

«እማማ፣ የትኛው የጡብ አደራደር ደስ ይልዎታል?» አለኝ አማቼ፣ የልጄ ባል። በእኔ ግቢ ሊሠራ ላሰበው ቤት የራሱን የጡብ አደራደር ኮምፒውተር ላይ ሲፈጥር ሳምንቱን ጨረሰ። አንድ ጡብ በእጁ አንሥቶ የማያውቅ ሰው!

«ለነገሩ ፊደል የጀመሩት ዘንድሮ ነው፤ ፕላን ይከብድዎታል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንዴ ሲጫን ጡቡ ግድግዳውን ሁሉ ሞላው። በፕላኑ ላይ ከእኔ ክፍል ወደ እሱና ወደ ልጄ ክፍል የሚያስገባውንም በር ደፈነው።

«በሩስ?» አልኩት።

«የእርስዎ በውጭ በኩል ነው።»

«የልጅ ልጄ ሲያለቅስ በየት ልግባ?»

«እንደ ማንኛውም እንግዳ ያንኳኳሉ።»

ከኋላችን የቆመችው ልጄ ሕፃኑን እንዳቀፈች ሄዳ የግቢውን በር ከፈተችለት።

እሱ ኮምፒውተሩን ይዞ ወጣ። እኔ፣ ልጄና ሕፃኑ ቀረን።