የጉልበት ጨርቅ

በልጄ ሰርግ ያላየሁት ጉድ የለም። ብርጭቆው ላይ ስማቸው፣ ሶፍቱ ላይ ሳይቀር ፎቷቸው ታትሟል። በሙሽራ ፊት አፍ ይጠረጋል እንዴ? አስጠላኝ። ዝም ያልኩት፣ ከሰል ሸጬ ያሳደግሁት ልጅ ጉልበቴን እስኪስመኝ ብዬ ነው።

ሙሽሮቹ ሊስሙኝ ሲመጡ ዲኮር የምትሠራዋ ልጅ ቀድማ ስሜ የተጠለፈበት ነጭ ጨርቅ ጉልበቴ ላይ አነጠፈች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለእርስዎ ብለን ያሠራነው ነው እማማ። የሙሽሪት ሊፕስቲክ ቀሚስዎን እንዳያበላሽብዎት።»

«ይበላሽ! ቀሚሱ የኔ አይደል?» ብዬ ወረወርኩት።

ሙሽሪት ሳቀችና ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። ቀሚሴ ላይ የከንፈሯ ቅላት ቀረ። «ውለጂ፣ ክበጂ» ብዬ መረቅኋት።

ልጄ ተከተለ። እሱ ሊፕስቲክ አልተቀባም። ጨርቁን ከመሬት አነሳ፣ ጉልበቴ ላይ አነጠፈና ጨርቁን ሳመ።