የተሰፋው ኪስ

ልብስ ሰፊዋ፣ ልጇ የአያቷን የሕመም ማስታገሻ እየሰረቀች እንደምትውጥ የደረሰችበት ዕለት፣ የዩኒፎርም ሹራቧን ኪሶች በቀይ ክር ጥርቅም አድርጋ ሰፋቻቸው። ሱስ ያለበት ሰው ግን መላ አያጣም፤ ልጅቷ ኪኒኑን ምላሷ ሥር መደበቅ ጀመረች።

«ትፊው!»

«አንቺን ይንሳኝ እማዬ፣ ምንም የለም።»

«ትፊው ብያለሁ!»

እናት መዳፏን ትዘረጋለች፤ ኪኒኑ እርጥብ፣ ሙቅ ሆኖ ይወድቅበታል።

ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ቀረ። ልጅቷ ከተቀበረች ክረምቱ አልፏል። ሴትዮዋ ግን አሁንም ወገቧ ተቆርጦ ከሥራ ስትገባ፣ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ሹራብ ሳትዳብስ አትቀመጥም።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ራስሽን አትጉጂ» ይሏታል አያትየዋ ካልጋቸው ሆነው።

«አመል ሆኖብኝ ነው እማ።»

አንድ ቀን እጇ ኪሱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ውስጡ ጠጠር የሚመስል ነገር አለ። ሹራቡን ወደ መስኮቱ ወስዳ ስፌቱን አየችው፤ ቀዩ ክር የራሷ፣ ቋጠሮው የራሷ፣ ማንም አልነካውም። በረጅሙ ተንፍሳ በምላጭ ፈታችው።

ኪኒኑ መዳፏ ላይ ዱብ አለ።

ይሞቃል። ምራቁ ገና አልደረቀም።