ለእየሩስ የተጠቀለለ ጉርሻ

ዘርፈሽዋል የአማቷን እጅ ከልጇ አፍ ሳይደርስ ያዘችው። ጉርሻው ትልቅ ነው፤ የበግ ወጡ ቅባት በእማማ በለጠች ጣቶች መካከል ይንጠባጠባል። በድንኳኑ ውስጥ የነበረው ጨዋታ ቀዝቀዝ አለ።

«ይብቃት እማማ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከገባች ጀምሮ ያላጎረሳት የለም።»

«በልጄ ሙት ዓመት?» እማማ በለጠች እጃቸውን አላወረዱም። «የሙት ልጅ ጦሟን ትደር?»

«አልተራበችምኮ።»

እየሩስ በሁለቱ መካከል ቆማ ጉርሻውን ታያለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአባቷ መኪና ሊማሊሞ ላይ ከተገለበጠ ወዲህ ያገኛት ሁሉ ሲያበላት ኖሯል፤ ጎረቤት ዳቦ በማር፣ አያቷ ፍትፍት በቅቤ፣ ባለሱቁ ብስኩት። የሙት ልጅ ከከሳች የምትታማው እናቲቱ ናት። ከወፈረች ግን «ተመስገን፣ ሐዘኑ አልጎዳትም» ይባላል። ዘርፈሽዋልም ይህን ስትሰማ ልቧ ያርፍ ነበር።

አሁን ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ትቀመጣለች። ጎንደር ያያት ሐኪም በደሟ ያለው ስኳር መጨመር መጀመሩን ተናግሯል። «ገና ነው፤ ይመለሳል» ብሎ ነበር። «ግን አንዱ ሲከለክላት ሌላው ከሰጣት አይሆንም። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ይሁን።» ዘርፈሽዋል ይህንኑ ለአማቷ ስትነግር፣ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው። ልጄ ምን ሀብት ትቶላት ነው?» ብለው ነበር የመለሱላት።

«ኧረ ዘርፌ!» አለች ከወዲያ ማዶ የተቀመጠች ጎረቤት። «ተማርን ያላችሁ ደግሞ ጉርሻም በሚዛን ሆነባችሁ?»

ሰው ሳቀ። እማማ በለጠች አልሳቁም።

«አንቺስ አቅፈሻት ታድሪያለሽ» አሉ። «እኔ ልጄን የማጎርሰው በእሷ ነው። አፏን እይው እስቲ። የእሱ አይደለም?»

ዘርፈሽዋል አየች። የእሱ ነው። ለሰው ተጠቅልሎ የተነሣ ጉርሻ ደግሞ ወደ ትሪው አይመለስም፤ እንዲህ ያለ ነውር በዚህ አገር አልተሠራም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ዓይኑን ጉርሻው ላይ ተክሏል።

የአማቷን እጅ ወደ ራሷ ሳበችና አፏን ከፈተች።

እማማ በለጠች አመነቱ። ከዚያ አጎረሷት።

ጉርሻው ጉንጯን ወጠረው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ማንም አጉርሷት እንደማያውቅ ትዝ ያላት ይሄኔ ነው። እንባዋ ቢመጣም አልጮኸችም፤ አፏ ሙሉ ነበር።

አማቷ ፊቷን ትክ ብለው አዩት፣ ዛሬ ገና እንዳገኟት ሁሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ትሪው ጎንበስ አሉ፤ እንጀራውን ቆረሱ፣ ወጡን አጠቀሱ፣ ጠቀለሉ።

«እንኪ፣ ድገሚ» አሏት፤ ድምፃቸው ተሰብሯል።

እየሩስ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አንጋጣለች። የአያቷ እጅ በተከፈተ አፏ በላይ አልፎ ሄደ።