ማግኔትን ማን ሸጠው?

«ያ ሰውዬ ነገ ስታዲየም ድርሽ ቢል... ከበር ነው የምመልሰው!»

ይህን የሚለው በሰፈራችን ፀጉር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ የቀረ ሰው ነው።

በጩኸቱ የተነሳ «ጥሩምባ» እንለዋለን። ሥራው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ በጨዋታ ቀን ግን ደጋፊውን ወክሎ በር ላይ ይቆማል።

«ያ ሰውዬ» የሚለው የድሮውን አሰልጣኛችንን ነው። ማግኔትን የሸጠውን።

ማግኔት ማለት... ኳስ እግሩ ላይ ስለምትጣበቅ እኛው ያወጣንለት ስም ነው። እዚሁ ሰፈር ተወልዶ፣ ከታዳጊ ቡድናችን አድጎ፣ ገና ጢም ሳያበቅል ለትልቅ ክለብ ተሸጠ። እዚያ ዋንጫ በዋንጫ ሆነ። እኛ ወደ ታችኛው ሊግ ወረድን።

ነገ የስንብት ጨዋታውን ሊያደርግ ወዳሳደገው ሜዳ ይመለሳል።

ፀጉር ቆራጩ ደግሞ... የማግኔት አባት ነው።

ስለዚህ እዚህ ቤት አሰልጣኙን መርገም አባትየውን እንደ ማጽናናት ይቆጠራል። እሱ ዝም ብሎ ይቆርጣል።

«በረኛውን የሸጥንበት ዓመትስ?» አለ ከጎኔ ወረፋ የያዘው የታክሲ ሹፌር። «ከዚያ ወዲህ እኮ ጎላችን በር አልባ ቤት ሆኖ ቀረ!»

«በገንዘቡ ያመጣነው አጥቂ ይባስ!» አለ ጥሩምባ። «ሁለት ጎል አገባ... ሁለቱንም እኛ ላይ!»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ወረፋ እየጠበቁ መሳቅን መሥሪያ ቤቴ አስለምዶኛል።

«እሱን እንኳን ታግሰነዋል» አለ ሹፌሩ። «እንግዳ ነዋ! በእንግዳ አይፏጭም።»

እውነቱን ነው። በኛ ሜዳ ከሌላ ክለብ የመጣ ተጫዋች ሲስት «ይልመድ እንጂ» ይባላል። የቤት ልጅ ሲስት ግን... ስታዲየሙ በፉጨት ይናወጣል። «የራሳችን ነው፤ ብንሰድበው ማንን ያገባዋል?» እንላለን። ፍቅር ይመስለናል።

በሩ ተከፈተ።

ኮት የሰፋባቸው ሽማግሌ ገቡ።

አሰልጣኙ ናቸው!

የሚሰማው የመቁረጫው ማሽን ብቻ ነው።

«ለነገ ጢሜን ብታስተካክልልኝ ብዬ...» አሉ።

«ለነገ?» ጥሩምባ ከነጨርቁ ዞረ። «ነገ የት ልትሄድ? ልጃችንን ሸጠህ፣ እናቱን አስለቅሰህ፣ አሁን ደግሞ አጨብጭቡልኝ ልትል ነው? እዚህ ቤት ላንተ የሚሆን ወንበር የለም!»

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞሩ። እጃቸው የበሩን እጀታ ፈለገ።

ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን አጠፋ።

«ይግቡ ጋሼ። ወንበሩ የኔ ነው።»

ከዚያ ጥሩምባን በመስታወቱ ውስጥ አየው።

«ልጄን የሸጡት እሳቸው አይደሉም... እኔ ነኝ።»

ሹፌሩ ለመሳቅ ሞከረ። አብሮት የሚስቅ አጣ።

«ፍጹም ቅጣት ምቱን የሳተበትን ቀን ታስታውሳለህ?» አለ አባትየው። «ፉጨቱን የጀመርከው አንተ ነህ። እናቱ ካንተ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። የተባለውን ሁሉ ሰማች። በእሷ ላይ የተባለውንም ጭምር።»

ጥሩምባ ዓይኑን ከመስታወቱ አሸሸ። አባትየው ቀጠለ።

«ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ተኛ። ልምምድ ቀረ። የኳስ ጫማውን ለሰው ሰጠ። 'አባዬ፣ እነሱ ፊት ሁለተኛ አልቆምም' አለኝ። ተነስቼ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ሰው ወደማያውቀው ቦታ ይሽጡልኝ፣ አለዚያ ኳስ ሊያቆም ነው አልኳቸው። ለመኑኝ። 'ቡድኑን የምሠራው በሱ ላይ ነው' አሉኝ። እምቢ ስላቸው...»

ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እምቢ ስላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? 'እሺ። ግን አንተ እንደጠየቅከኝ ማንም አይስማ። አንተ የምትኖረው የነሱን ፀጉር ቆርጠህ ነው። እኔን ይስደቡኝ።' ከሥራ ሲያባርሯቸው እንኳን ትንፍሽ አላሉም። እኔ ደግሞ እናንተ በሰደባችኋቸው ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ቆረጥኩ።»

«አሁን ምን አስወራህ?» ተቆጡ አሰልጣኙ። «ደንበኞችህን ልታጣ ነው እንዴ?»

«ከፈለጉ ይሂዱ ጋሼ። ነገ ልጄ እርስዎን ቢያጣ ግን ምን እለዋለሁ?»

ጥሩምባ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ወንበሩ ላይ የረገፈውን ፀጉር በእጁ ጠረገ።

«ይቀመጡ... እኔ እጠብቃለሁ።»

በማግስቱ አሰልጣኙ ስታዲየም ገቡ። በሩን የከፈተላቸው ጥሩምባ ነው። ከአባትየው ጎን ተቀመጡ።

ማግኔት ተጫወተ። ሊጠናቀቅ ሲል ተቀይሮ ወጣ፤ ሕዝቡ እያለቀሰ «የኛ ልጅ! የኛ ልጅ!» አለ።

እሱን ቀይሮ የገባው ከታዳጊ ቡድናችን ያደገ አዲስ አጥቂ ነበር። ባዶ ጎል አግኝቶ ሳተ።

ፉጨቱ ወዲያው ጀመረ! ዕንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሳይደርቅ!

ጥሩምባን አየሁት። ከልማዱ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቷል...

አወጣቸው።

ማጨብጨብ ጀመረ። ብቻውን።

እኔ በተማርኩበት ተቋም ላስተምር ስጠይቅ «አንተማ የኛው ነህ፣ የት ትሄድብናለህ?» ተብዬ ቦታው ከሌላ ለመጣ ሰው ተሰጠ። ዓመታት አልፈዋል፤ አልረሳሁትም። ይህን የምጽፈው ስለ ኳስ ብቻ አይደለም።

ሰው ከሄደ በኋላ «የኛ ነበር» ማለት ቀላል ነው። ከባዱ... እዚሁ አብሮን እያለ፣ እየሳተም ቢሆን፣ ለእንግዳ የምንሰጠውን ትዕግሥት ለራሳችን ሰው መስጠት ነው።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ «የራሳችን ነው» እያላችሁ አሁንም የምታፏጩበት ሰው ማን ነው?

ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።