ሰባት ጉድጓድ፣ ሦስት ውሻ

ልጄ ኤልዳና ትምህርት ቤት ብቻዬን ካልሄድኩ ብላ አስጨነቀችኝ። "በዚህ ጌም መንገዱን ራስሽ ትሠሪያለሽ" አለች ስልኩን እየሰጠችኝ። "ካለፍኩት እሄዳለሁ።"

ሰባት ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ሦስት ውሻ አሰማራሁ። እንኳን እሷ፣ ወፍም አያልፈውም!

ስልኩን ልሰጣት ስል ጽሑፍ መጣ። ፊደል ከቆጠርኩ ገና ዓመቴ ስለሆነ ቀስ ብዬ አነበብኩት፦ "መንገዱ ለሌላ የሚከፈተው መጀመሪያ የሠራው ሰው ሲያልፈው ነው።"

"በይ እማዬ፣ ቅደሚ!" አለች እየሳቀች።

ወደቅኩ። አንድ ጉድጓድ ደፈንኩ። ደግሞ ወደቅኩ፤ ደግሞ ደፈንኩ። ውሾቹንም አንድ በአንድ አባረርኩ። በሦስተኛው ቀን አለፍኩና እልል አልኩ።

ኤልዳና በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች።

"ውሻ ካየሽ እንዳትሮጪ" አልኳት። "እኔን ሃያ ጊዜ የነከሰኝ ስሮጥ ነው።"